ከጋፋት እስከ ጨጨሆ፤ ደብረ ታቦርና ጥሏት የሄደው መድፍ

አንዳንድ ከተማ በሰዓት ማማው ይታወቃል። ቀጠሮ ማማው ሥር ነው፤ ፖስት ካርድ ላይ የሚወጣውም፣ እንግዳ ፎቶ የሚነሣበትም እሱ ነው። ደብረ ታቦር እንዲህ ያለ ማማ የላትም። ስሟ ሲነሣ ሰው አፍ ላይ የሚመጣው መድፍ ነው፤ ሴባስቶፖል። ታዲያ መድፉም ቢሆን እሷ ዘንድ የለም። ከአፍንጫዋ ሥር፣ ጋፋት ላይ ተሠራ፤ ጉናን ዞሮ በጋይንት በኩል ወጣ፤ በዚያው ቀረ። አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል፣ ዋናው መቅደላ አምባ ላይ ተጋድሟል። የወለደችው ከተማ የቀራት መንገዱ ነው። በዚያ መንገድ ከመድፉ በፊትም ብዙ ሰው ሄዷል፣ ከመድፉም በኋላ።

ነገሩን ከመነሻው እንያዘው።

ደብረ ታቦርን ከተማ ያደረጓት ራስ ጉግሣ መርሶ ናቸው። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ግንብ ውስጥ ዘውድ ደፍቶ ይቀመጣል፤ ግብሩንም ጦሩንም የሚያዘው ግን ከየጁ ቤት የወጣ እንደራሴ ነው። ጉግሣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ሥልጣኑን ሲይዙ መቀመጫቸውን ጎንደር አላደረጉም። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለውን፣ ጉና ከጀርባው የቆመለትን ቦታ መረጡ። ለምን እንደሆነ ለመገመት ካርታ ዘርግቶ ማየት ይበቃል። በምዕራብ የፎገራ ሜዳና ጣና አሉ፤ እህሉም ከብቱም እዚያ ነው። በሰሜን ምዕራብ ዓይን የማይነቀልባት ጎንደር አለች። በምሥራቅ ደግሞ በጉና ትከሻ ወደ ጋይንት ወርዶ፣ ከጋይንት በጨጨሆ ወጥቶ፣ በዋድላ በኩል ወደ የጁ የሚዘልቅ መንገድ አለ። ለጉግሣ ይህ የአገር ቤት መንገድ ነበር። ክፉ ቀን ሲመጣ የዘመድ ጦር የሚደርስበት፣ የባሰ ሲመጣ ደግሞ የሚሸሽበት።

ስሟ የወንጌሉ ታቦር ነው። ነሐሴ 13 ቀን፣ ልጆች ጅራፍ አጩኸው ሙልሙል የሚቀበሉበት የቡሄ በዓልና ይህች ከተማ አንድ ስም ይጋራሉ። በዓሉ የብርሃን በዓል ነው። ከተማዋን ደጋግሞ የጎበኛት ግን እሳት ነው።

ጉግሣ በ1817 ዓ.ም. አረፉ። ልጃቸው ይማም ተተኩ፣ ሦስት ዓመት ያህል ገዝተው ሞቱ። ማርዬ ቀጠሉ፤ እሳቸውም በ1823 ዓ.ም. ትግራይ ዘምተው ደብረ ዓባይ ላይ በውጊያ ወደቁ። ዶሪ ጥቂት ወራት ቆዩ። የጉግሣ ልጆች እንዲህ ተራ በተራ ካለቁ በኋላ ሥልጣኑ ለልጅ ልጅ ደረሰ፤ ለአሉላ ልጅ፣ ለራስ ዓሊ። ዓሊ ገና ጢሙ ያልበቀለ ልጅ ስለነበሩ እናታቸው ወይዘሮ መነን ሊበን ከልጁ ጋር ሆነው አገሩን ያዙት። መነን በኋላ እቴጌ ተብለው ጎንደር ተቀመጡ፣ ልጃቸው ደብረ ታቦር። ለሃያ ሁለት ዓመት ያህል የመሃሉ አገር ፖለቲካ የተጋገረው በእነዚህ ሁለት ምድጃዎች ነው።

የዓሊ ዘመን አንድ ቀን ብቻ ዘርዘር አድርጎ ማውራት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እንደዚያ ያለ ጦርነት ሌላ አላውቅም። የሰሜኑና የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከግብፅ አዲስ ጳጳስ አስመጥተው ነበር፤ አቡነ ሰላማን። ጳጳስ የያዘ ውግዘት ይዟል። ውቤ ያንን ይዘው በየካቲት 1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ደጃፍ ላይ ከዓሊ ጋር ገጠሙ። ውጊያው ለውቤ ቀና፤ ዓሊ ሜዳውን ትተው ሸሹ። አሸናፊው ድንኳን ተከለ፣ ግብር ገባ፣ መጠጥ ተቀዳ፣ ፉከራው ቀለጠ። በዚህ መሃል ከዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ከነጦራቸው ደረሱና አሸናፊውን ከነደስታው ከነድንኳኑ ማረኩት። ቀጥሎ የቀረው ሥራ የሸሹትን ራስ ፈልጎ "ጌታዬ፣ ድሉ የእርስዎ ሆኗል፣ ይመለሱ" ማለት ነበር። ዓሊ ተመለሱ፣ ውቤን አሰሩ፣ ብዙም ሳይቆይ ታርቀው ለቀቁ። ዘመነ መሳፍንትን በአንድ ቀን ማስረዳት ከተፈለገ ይህ ቀን ይበቃል፤ ያሸነፈው ታስሮ፣ የሸሸው ገዥ ሆኖ፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሁሉም ወደነበረበት።

በጥቅምት 1842 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ለንደን ከኢትዮጵያ ጋር መነጋገር ስትፈልግ የሄደችው ወደ ጎንደር ዘውድ ሳይሆን ወደ የጁው ራስ ነበር። ፕላውደን ግን የተሳሳተ ፈረስ ላይ ነው ገንዘቡን የጣለው። በዚያን ጊዜ ቋራ ቆላ ውስጥ ሌላ ሰው እየጎለመሰ ነበር።

ካሣ ኃይሉ የዓሊ አማች ነው። ቤታቸውን ካስቸገረ በኋላ እናትና ልጅ ተመካክረው የዓሊን ልጅ ተዋበችን ድረውለት ነበር፤ ጋብቻ ያበርደዋል ብለው። አላበረደውም። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነን ራሳቸው ዘምተውበት ቆስለው በእጁ ወደቁ። ታረቁ፤ እንደገና ተጣሉ። በ1845 ዓ.ም. ኅዳር ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ገደለ። ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ገሠገሠና የአማቱን ከተማ አቃጠለ። ሰኔ 23 ቀን አይሻል ላይ የዓሊን ጦር ሰበረ። ዓሊም አያታቸው አስቀድመው ያሰቡላቸውን የሚመስለውን አደረጉ፤ ወደ የጁ ሄዱ። የደብረ ታቦር ራሶች ዘመን በዚያ አበቃ። ተዋበች ከአባቷ ሳይሆን ከባሏ ጋር ቀረች።

የካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም. ካሣ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። እዚህ ላይ እኛም አንቱ ማለት እንጀምር።

አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አልወደዷትም። ካህኑ ይበዛል፣ ክርክሩ አያልቅም፣ ነጋዴው ለመጣ ሁሉ ያድራል። እሳቸው የጦር ሰፈር ሰው ናቸው። ስለዚህ ያቃጠሏት ከተማ መልሳ ሠፈራቸው ሆነች። በንግሥናቸው ዘመን ከአንድ ቦታ ተረግቶ መቀመጥ ባይኖርም፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከዘመቻ የሚመለሱት ወደ ደብረ ታቦር ነበር።

ከደብረ ታቦር በእግር ብዙም ሳይርቅ ጋፋት አለ። ቦታው ጸጥ ያለ የገጠር ጉብታ ነው። እዚያ የሰፈሩት ከስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና ከሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ቴዎፊል ዋልድማየር፣ ዛልሚውለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ሌሎችም። የመጡት በአንድ እጃቸው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሌላው የእጅ ሙያ ይዘው ነው። ንጉሡ መጽሐፉን በትሕትና ተቀብለው ዓይናቸውን ሙያው ላይ ጣሉ። ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሃል ተጨመሩበት። ቤተ እስራኤል አንጥረኞችም አሉ፤ ብረት በእጃቸው የሚታዘዝላቸው እነሱ ነበሩ። ሠፈሩ ወፍጮውና ወናፉ የሚሰማበት፣ በአገራችን የመጀመሪያው የመንግሥት ፋብሪካ ብንለው የማያሳፍር ቦታ ሆነ።

ዋልድማየር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ። ቤል የቴዎድሮስ ባለሟል ሆኖ ለእሳቸው ሲዋጋ የሞተ ሰው ነው። እንግዲህ ጋፋት የሚኖሩት እንግዶች ከአገሩ ጋር በደምም ተጋብተዋል። ይህን የማነሣው በኋላ ፈረንጆቹን ሁሉ "እስረኞች" ብሎ በአንድ ቃል የሚጠቀልል ታሪክ ስለሚበዛ ነው። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን እስረኛ ነው፤ በ1856 ዓ.ም. ታስሯል። ቆንስሉን ሊያስፈታ መጥቶ አብሮት የታሰረው ራሳምም እስረኛ ነው። የጋፋቶቹ ግን ሌላ ናቸው፤ ሚስት፣ ልጅ፣ በቅሎ፣ የንጉሥ ሸማ ያላቸው፣ ግን ልሂድ ማለት የማይችሉ ሰዎች። የአማርኛው "ባለሟል" ከነሙሉ ክብሩና ከነሙሉ ፍርሃቱ እነሱን ይገልጻቸዋል።

ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው አናውቅም አሉ። ዋልድማየር በኋላ በጻፈው ትዝታ እንደሚለው፣ ንጉሡ ነገሩን በጭቅጭቅ አላራዘሙትም፤ ሎሌዎቻቸውን አሰሩባቸው። አናውቅም ያሉት ሰዎች መሞከር ጀመሩ። ቅርጽ በሸክላ ጭቃ ሠሩ፣ እቶን ገነቡ፣ ነሐስ አቀለጡ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ማንም ያላስተማራቸው፣ ከመጽሐፍም ያላነበቡት ሥራ ነው፤ እየተሳሳቱ ተማሩት። ትናንሾቹ ወጡ፣ መካከለኞቹ ወጡ። በመጨረሻ ንጉሡ የጓጉለት ትልቁ ወጣ። አፉ ወደ ሰማይ የሚያይ፣ አጭርና ወፍራም፣ ከሩቅ ሲያዩት ከመድፍ ይልቅ የተደፋ ትልቅ ደወል የሚመስል ነገር። ክብደቱን አጋነው 70 ቶን ያሉት አሉ፤ ዛሬ የሚጠቀሰው ግምት ሰባት ቶን ያህል ነው። ሰባትም ቢሆን በቂ ነው፤ አገሩ የሠረገላ መንገድ አያውቅም። ስሙን በክራይሚያ ጦርነት በታወቀችው በሩስያ የባሕር ከተማ ስም ሴባስቶፖል አሉት። እንግሊዝና ፈረንሳይ ያን ከተማ ለመያዝ አንድ ዓመት ያህል ከብበው መድከማቸውን ንጉሡ ሰምተዋል። ስሙ ለማን እንደተላከ መልእክት ማንበብ አይከብድም።

ሴባስቶፖል ሲወጣ የቴዎድሮስ ደስታ ወሰን አልነበረውም ይባላል። ደስታው የሚያሳዝን ደስታ ነው፤ መንግሥታቸው በዚያን ጊዜ እንደ ሳሙና እየሟሟ ነበር። ሸዋ ሄዷል፣ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ነግሠዋል። ትግራይ፣ ላስታ፣ ጎጃም በሌላ እጅ ናቸው። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘረፏት፣ አቃጠሏት፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አስነሥተው ወሰዱ። ደመወዝ የሌለው ሠራዊት የሚበላው የገበሬውን ጎተራ ነው፤ ጎተራው ሲያልቅ የበጌምድር ገበሬ ሸፈተ። ያ ሁሉ ሰፊ አገር ቀርቶ የንጉሡ ግዛት ሰፈራቸው የረገጠው መሬት ብቻ ሆነ። እንግሊዝ ደግሞ እስረኞቹን ለማስፈታት ጦር እየላከች ነው። የቀረው አንድ ምሽግ ነው፤ መቅደላ። መቅደላ ለመድረስ ደግሞ መንገዱ በጋይንት ነው።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም አልቆ ጥቅምት ሊገባ ሲል ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሡ። ከመነሣታቸው በፊት ከተማዋን አቃጠሏት። ካሣ ሆነው በ1845 ያቃጠሏትን፣ ንጉሥ ሆነው በ1860 ደገሟት።

ከዚያ በኋላ የሆነው በጦርነት ታሪክ ውስጥ ቦታ የሚያገኝ ሳይሆን በመንገድ ሥራ ታሪክ ውስጥ የሚገባ ነው። ወታደሩ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ እስረኛው፣ የጋፋት ሠራተኛው ከነቤተሰቡ፣ መድፍ የጫኑ ሠረገላዎች። ሴባስቶፖልን ለመጎተት ብቻ 500 ያህል ሰው ያስፈልግ ነበር። መንገድ ስለሌለ መንገዱ ከፊት ይሠራል፣ ሠረገላው ከኋላ ይመጣል። ንጉሡ ራሳቸው ቀድመው መስመሩን ያያሉ፣ ድንጋይ በእጃቸው ያነሣሉ፤ እሳቸው ጎንበስ ካሉ ማን ቆሞ ያያል?

ይህን ሰልፍ ጉና ትከሻ ላይ አስቡት። ጥቅምት ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይወድቃል፣ ጠዋት ሣሩ እንደ መስታወት ይሰባበራል። ገመድ የያዘው እጅ ይደነዝዛል። ዳገቱ ላይ አምስት መቶው ሰው በአንድ ድምፅ ይስባል፣ መንኮራኩሩ ግማሽ ዙር ይዞራል፣ ሁሉም ትንፋሹን ይሰበስባል። በዚያች የትንፋሽ ጊዜ ሠረገላው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከመንኮራኩሩ ኋላ ታኮ የሚወሽቅ ሰው መኖር አለበት። ጉልበቱ አይታይም፣ ፉከራውም አይነሣለትም፤ እጁ ግን ከሰባት ቶን ነሐስ ሥር ናት። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሕዝቡ ከፊት መሆኑ ቀርቶ ከኋላ ይሆናል፣ መሳቡ ቀርቶ መያዝ ይሆናል። ሰልፉ ከደብረ ታቦር መቅደላ አምስት ወር ተኩል ያህል ወሰደ። መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ በአማካይ የቀን ጉዞው ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ኤሊም ትቀድመዋለች።

ጋይንት ይህን ሰልፍ እንዴት አየው? ዛሬ በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም ስለ ቴዎድሮስ ሲነሣ ፉከራው ሌላ ነው፤ ልጁ የእኛ ነው፣ ጀግናው የእኛ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ገበሬ ግን የሚያየው የሚመጣበትን አፍ ነበር። ያ ሁሉ ሺሕ ሰው ይበላል፤ የሚበላው ደግሞ የታኅሣሡን አዝመራ ነው። ገበሬው እህሉን ቀብሮ፣ ከብቱን ወደ ገደል አፋፍ አሽሽቶ፣ ከሰልፉ የተነጠለውን እየጣለ ጠበቀ። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ የቴዎድሮስን ሕልምም፣ ጎተራው የተገለበጠበትን ሰው ቁጣም። የዛሬው ፉከራችን ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል።

ከነፋስ መውጫ ወዲያ ጨጨሆ ይመጣል። ጨጨሆ የጋይንት መጨረሻ ነው፤ ከፊት ገደሉ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ ከላይ የዘቢጥና የዋድላ ደጋ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው እንኳ እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ የሚወጣውን ያንን ዳገት ሴባስቶፖል ወጣው። ድንጋዩ በባሩድ እየተናደ፣ አፈሩ በእጅ እየተዛቀ፣ በታኅሣሥ ደጋው ላይ ደረሰ። ከዚያ ደግሞ የጅጣ ሸለቆ አለ፤ መውረድ፣ እንደገና መውጣት። በየካቲት ደላንታ ገቡ። ከደላንታ በኋላ በሽሎ አለ፤ እንደገና መውረድ፣ እንደገና መውጣት።

በዚሁ ጊዜ የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ሮበርት ናፒየር ዙላ ባሕር ዳርቻ ወርዶ፣ 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ወደ ደቡብ እየመጣ ነው። ቴዎድሮስ የተነሡት በጥቅምት መግቢያ፣ እሱ ዙላ የደረሰው በታኅሣሥ መጨረሻ። የሱ መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ይሻገራል፤ የሳቸው የዚያን ሲሶ ብቻ። ያም ሆኖ ንጉሡ መቅደላ የደረሱት እንግሊዞች ከመድረሳቸው በጥቂት ሳምንት ቀድመው ነው። የሚገርመው ነገር ሌላ ነው። የናፒየር ጦር ዋድላ ደጋ ላይ ሲደርስ የተጠረገ ሰፊ መንገድ አገኘ። ወደ ጅጣ የሚወርደውን ገደል ዝሆኑም በቅሎውም በእሱ ወረደ። ቴዎድሮስ ለመድፋቸው የጠረጉት መንገድ ነው።

የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል። ሚያዝያ 3 ቀን፣ የስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ ሥር እሮጌ ላይ የቴዎድሮስ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬና 700 ያህል ሰው ወደቁ። ከእንግሊዝ በኩል የሞተው በጣት የሚቆጠር ነው። ሚያዝያ 6 ቀን፣ ከፋሲካ ማግስት፣ ናፒየር አምባውን ሲሰብር ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ከጎንደር አድባራት የተሰበሰበው ብራናና ወርቅ በ15 ዝሆንና በ200 በቅሎ ተጭኖ ሄደ። ሴባስቶፖልን ግን የሚያነሣው አልተገኘም። 500 ሰው ሆኖ የጎተተው ሕዝብ ተበትኗል፤ ናፒየር ደግሞ ለቅርስ ብሎ እንደዚያ የሚለፋ ሰው አይደለም። ዛሬም እዚያው ነው።

ደብረ ታቦር ከአመድዋ እንደገና ተነሣች፤ ለዚህ ሁልጊዜ የሚረዳት ያው ቦታዋ ነው። በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ መቀሌ ቤተ መንግሥት ቢኖራቸውም፣ ክረምቱን ደብረ ታቦርና ከአጠገቧ ባለችው ሰመራ ያሳልፉ ነበር። በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ጄኔራል ጎርደን በግብፅ ስም ሊደራደር እዚያ ድረስ መጣ። ዮሐንስ ቦጎስንና ምጽዋን መልሱ አሉ፤ ጎርደን የመስጠት ሥልጣን አልነበረውም፤ ተኮራርፈው ተለያዩ። ከሁለት ዓመት ያነሰ ቆይቶ ጀርመናዊው ተጓዥ ጌርሃርድ ሮልፍስ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ዓለም የሚመላለስባት ከተማ ነበረች። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ ግን ዘውዱ ወደ ሸዋ ሄደ። ደብረ ታቦርም የንጉሥ ከተማ መሆኗ ቀርቶ የጠቅላይ ገዥ መቀመጫ ሆነች።

የምሥራቁ መንገድ ግን አንድ ሰው ደግሞ መውሰድ ነበረበት።

ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የዘውዲቱ ምኒልክ ባል ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ሲነግሡ ከባላቸው ተለዩ፤ የሸዋ መኳንንት የንግሥቲቱ ባል በአዲስ አበባ እንዲኖር አልፈለጉም። ጉግሣ በጌምድርን እየገዙ ደብረ ታቦር ተቀመጡ። ቅያሜው አሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ውስጡን ነደደ። በ1922 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሹ ከንጉሥ ተፈሪ ጋር የተጣላው ሁሉ ወደሳቸው ያይ ጀመር፤ እሳቸውም ጦራቸውን ይዘው በጋይንት በኩል፣ በዚያው በጨጨሆ ወጡ። የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ከወሎ በኩል መጡ። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ተገናኙ።

የበጌምድር ጦር እዚያ የጠበቀው ጠመንጃና መትረየስ ነው። የመጣው ከሰማይ ነው። መንግሥት ከፈረንሳይ የገዛቸው አውሮፕላኖች አገር ውስጥ ከገቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። አስቀድሞ ወረቀት በተኑ፤ ከጉግሣ ጋር የቆመ ውጉዝ ይሁን የሚል። ውግዘት በአብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ሲነበብ የለመደ ሕዝብ ከደመና ሲወርድበት ያን ቀን አየ። ቀጥሎ ቦምብ ወረደ። ጉግሣ ከፈረሳቸው ሳይወርዱ ሲዋጉ ተመትተው ሞቱ። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ስልሳ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አምስት መቶ ሰው በገመድ የጎተተው መድፍ ያለፈው ከዚሁ ደጋ ላይ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ፣ በአንድ ቦታ፣ ከገመድ ወደ አውሮፕላን።

ጣሊያን በ1928 ደብረ ታቦርን ያዘ፣ ምሽግ አበጀባት። አርበኛው ዙሪያውን ቆላና ደጋ ከለለ፤ ከሰኔ 29 ቀን 1933 በኋላ የጣሊያን ባንዲራ አልተሰቀለባትም።

በዚህ ሁሉ መሃል ጋይንት ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ቀጥሎ ነበር፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ያስወቅሰኛል። ቤተልሔም ድጓ ይመሰከራል፣ ዙር አባ ዝማሬና መዋሥዕት ይመሰከራል። ራሶቹ ሲሻሩ፣ ደብረ ታቦር ሲነድ፣ መድፉ ሲያልፍ፣ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከየኔታ ፊት ቆሞ ያዜማል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ቶማስ ፓከንሃም የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ቤተልሔም ደረሰ። ከውጭ ያየው የተለመደ ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነው። ገብቶ ሲያይ ከክቡ ውስጥ ሌላ አራት ማዕዘን ሕንፃ አለ፤ በእንጨትና በድንጋይ ተደራርቦ በአክሱም ዘመን አሠራር የታነጸ፣ የመካከለኛው ዘመን ሥራ። ለውጭው ዓለም ግኝት ነበር። ለጋይንት ካህናት ግን ያው ቤተ ክርስቲያናቸው ነው። ደብረ ታቦር የሠራችውን ትልቁን ነገር ወደ ውጭ ላከች፤ ጋይንት የሠራውን ትልቁን ነገር ሣር አልብሶ ደበቀው። የትኛው እንደተረፈ ሰው ሄዶ ይየው።

ያ የራስ ጉግሣ መርሶ የአገር ቤት መንገድ እውነተኛ የመኪና መንገድ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆና በጋሸና ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። እስከ ዛሬ "የቻይና መንገድ" የሚለው ሰው አለ።

ከደብረ ታቦር ጠዋት የተሳፈረ ክምር ድንጋይ ላይ ጋቢውን ያጠብቃል። መስኮቱ ላይ ጉም ይለጠፋል፤ ግራና ቀኝ ገብስና ድንች፣ በጎች፣ ካፖርት የለበሱ ልጆች። ነፋስ መውጫ ላይ ሻይ አለ፤ ከሻዩ ጋር ደግሞ ስሟን ያወጣላት ነፋስ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይጠማዘዝና ጨጨሆ ይጀምራል። እህል የጫነው ከባድ መኪና ማርሽ ይቀንሳል፣ ያቃስታል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ዳገቱ መካከል ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ በመስኮት ይጮኻል። ረዳቱ ዘሎ ይወርዳል፣ ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ ያነሣል፣ ጎንበስ ብሎ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ይወሽቃል።